ተራኪው አባት፣ ከፋይዋ ልጅ፣ ጸሐፊዎቹ እናንተ፦ መጽሐፉ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የሰዎችን የሕይወት ታሪክ እያዳመጥን ወደ መጽሐፍ የምንቀይርበት ሥራ ጀምረናል። የመጀመሪያ ደንበኛችን መርካቶ ብዙ ዘመን የነገዱ፣ አሁን ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። ገንዘቡን የከፈለችው አሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ናት። 30 ሰዓት ያህል ድምፅ ቀዳን። ከዚያ ምዕራፎቹን ለሦስት ተከፋፍለን ጻፍን። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ነገሩ ተበላሸ። ልጃቸው ስለ አባቷ የመጀመሪያ ትዳር የሚያወራው ምዕራፍ ይውጣ አለች። የእናንተም ስም ሽፋኑ ላይ አይወጣም አለች። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ያን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ካወጣችሁት ለብቻው አሳትመዋለሁ ይላል። የጽሑፍ ውል የለንም፤ በመተማመን ነው የጀመርነው። የጻፍነው እኛ ስለሆንን መጽሐፉ የእኛ አይደለም ወይ? ሳንጣላ፣ በሐቅ እንዴት እንጨርሰው?»

መልስ፦

«የጻፍነው እኛ ስለሆንን የእኛ ነው» የሚለው ሐሳብ አያስኬዳችሁም። «የከፈልኩት እኔ ነኝና እኔ እወስናለሁ» የሚለው የልጅቱ አቋምም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ባልደረባችሁ ደግሞ ከሁላችሁም የበለጠ ተሳስቷል።

መጽሐፍ ስንል አራት ነገር በአንድ ስም እየጠራን ነው። የሰውየው ሕይወት አለ። ያ ሕይወት የተነገረበትና የተጻፈበት አገላለጽ አለ። መጽሐፉን የማባዛትና የመሸጥ መብት አለ። ስልካችሁ ላይ ወይም ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የተቀመጠው ድምፅ አለ። አራቱ የግድ የአንድ ሰው አይደሉም። ጭቅጭቁ መያዣ መጨበጫ ያጣው አራቱንም ደባልቃችሁ «የማን ነው?» ስለምትባባሉ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። የሚገዛችሁ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጽን ነው። ሐሳብንና የሆነውን ነገር ራሱን አይጠብቅም። አባትየው በልጅነታቸው መርካቶ መግባታቸው የሆነ ነገር ነው፤ እሱን ማንም የእኔ ሊለው አይችልም። የነገሩበት ቃል ግን በድምፅ ወይም በጽሑፍ ተቀርጾ ሲቀመጥ ሌላ ጉዳይ ይሆናል። ቀልዳቸው፣ አባባላቸው፣ ታሪኩን ያስኬዱበት መንገድ ሁሉ የእሳቸው አገላለጽ ነው። እናንተ ያንን መርጣችሁ፣ አደራጅታችሁ፣ በዓረፍተ ነገር ስታዋቅሩት የእናንተም አገላለጽ ተጨመረበት። ስለዚህ የእሳቸው ቃል በብዛት ባለበት ገጽ ላይ «እሳቸው ያወሩት ጥሬ ዕቃ ነው፣ ደራሲው እኔ ነኝ» ማለት አትችሉም። እንዲህ ያለው ሥራ የጋራ ሥራ ነው የሚል ክርክር በደንብ ያስነሳል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ብዙ ጸሐፊ ያስደነግጣል። አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ ለሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የሚሄደው ለቀጣሪው ወይም ለአዛዡ ነው። የኢኮኖሚ መብት ማለት ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ መተርጎም፣ ማስተላለፍ ነው። እናንተ ገንዘብ ተቀብላችሁ፣ በትዕዛዝ ጽፋችኋል። ውል የላችሁም። እንግዲህ መጽሐፉን በራሳችሁ ስም አሳትማችሁ ለመሸጥ የሚያስችል አቅም በእጃችሁ የለም ብላችሁ አስቡ። አዛዡ ከፋይዋ ልጅ ናት ወይስ ታሪኩን ለመንገር የተስማሙት አባት? ይህ ራሱ ያከራክራል። እናንተ ግን በሁለቱም መንገድ ከመስመሩ ውጭ ናችሁ።

የሞራል መብት ከዚህ የተለየ ነው። ደራሲ ነኝ ብሎ እውቅና መጠየቅ፣ ሥራው ተዛብቶ ክብርን በሚነካ መንገድ እንዳይቀርብ መቃወም፣ ከፈለጉም ስምን መደበቅ በዚህ ሥር ይገባል። ገንዘብ ስለተከፈለ ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ልጃቸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ተነስታ «ስማችሁ አይወጣም» ብላ ማዘዝ አትችልም። እናንተ ግን ወዳችሁ ስማችን ይቅር ማለት ትችላላችሁ። በእናንተ ሙያ ስምን አለማውጣት ከጥንትም የተለመደ አገልግሎት ነው። ችግር የሚሆነው አስቀድሞ ሳይነገር ሲቀር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሳ አንዳንዱ ሮጦ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ሥራውን በስሙ ለማስመዝገብ ይሞክራል። አታድርጉት። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ተፈጥሮ ሲቀረጽ ነው፤ ምዝገባው ማስረጃ ነው እንጂ ባለቤት ያልሆነን ሰው ባለቤት አያደርግም። ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የምትወስዱት፣ በ978 ጀምሮ በኢትዮጵያ መለያ 99944 የሚቀጥለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም (ISBN) እንደዚሁ ነው። መጽሐፉን ለመለየት ያገለግላል፤ የባለቤትነት ካርታ አይደለም።

ሕጉ እስከዚህ ያደርሳል። እዚህ ላይ ብንቆም ግን የሚቀረው ፍርድ ቤት ሄዶ መከራከር ነው፣ መጽሐፉም እዚያው ይሞታል። ይህን ዓይነት ሥራ የሚያድነው ከሕጉ በፊት የሚመለስ አንድ ጥያቄ ነው፦ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

በዚህ ላይ ከማውቃቸው ምሳሌዎች የበለጠ የሚያስተምረው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ የነበረው የማልኮም ኤክስና ታሪኩን የጻፈለት የአሌክስ ሄሊ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የማልኮምን የሕይወት ታሪክ አብረው ለመሥራት ሲስማሙ ነገሩን በወረቀት አሰፈሩት። ማልኮም የጠየቀው ግልጽ ነበር። እኔ ያላልኩት ነገር መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፣ እንዲገባ የምፈልገው ነገርም አይቀርም አለ። ሄሊም በተራው ጠየቀ። የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛብህ ለመጽሐፉ ጊዜ ትሰጠኛለህ ብሎ አስፈረመው። ቆይቶ ደግሞ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንተ የማታርመው የራሴን ሐሳብ እጽፋለሁ ብሎ ፈቃድ አገኘ። የተራኪው ቃል በተራኪው እጅ ሆነ። የጸሐፊውም ሐሳብ የራሱን ቦታ አገኘ። አንዱ ሌላውን አልዋጠም።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ማልኮም የሃይማኖት ድርጅቱ መሪ ከነበረው ከኤላይጃ ሙሐመድ ጋር ተለያየ። ስለ እሱ በፍቅር የተናገረባቸው ምዕራፎች ግን አስቀድመው ተጽፈው ነበር። ረቂቁ ሲላክለት በቀይ ቀለም እያረመ መለሰው። ሄሊ ተቃወመ፤ አሁን የምታውቀውን ወደ ኋላ ወስደህ ከጨመርክበት አንባቢው ያኔ የነበረውን ስሜት ያጣል አለው። ማልኮም ተቆጣ፤ መጽሐፉ የማን ነው ብሎ ጠየቀው። ሄሊ የአንተ ነው አለው፤ የተቃወምኩት በጸሐፊነቴ ነው ብሎ አስረዳው። በዚያው ሌሊት ማልኮም ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። የነበረው እንዳለ ይቀመጥ አለ።

ሄሊ ያደረገውን ልብ በሉ። ሥልጣኑ የእሱ እንዳልሆነ አመነ። ሙያው የሚያሳየውን ግን ደፍሮ ተናገረ። ከዚያ ውሳኔውን ለባለቤቱ ተወ። እናንተም ማድረግ ያለባችሁ ይህንኑ ነው። ማልኮም በየካቲት 1965 እ.ኤ.አ. ተገደለ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ሲወጣ ተራኪው በሕይወት የለም። ያ ወረቀት ባይኖር ምን ሊፈጠር እንደሚችል መገመት ከባድ አይደለም። የገቢው ክፍፍልም እኩል በእኩል ተብሎ ቀድሞ ተወስኖ ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ። ተራኪው አባት ናቸው። ሕይወቱ የእሳቸው ነው። «እኔ» እያለ የሚናገረው መጽሐፍ በእሳቸው አፍ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው መሆን አለበት። የልጅቱ አይደለም፣ የእናንተም አይደለም። ልጅ ለአባቷ መጽሐፍ መክፈሏ ትልቅ ነገር ነው፣ ምስጋና ይገባታል። በከፈለችው ገንዘብ ግን የአባቷን ትዝታ የማረም ሥልጣን አልገዛችም። ይህን በፍቅር፣ ግን ሳትለሳለሱ ንገሯት። ውጭ አገር ያሉ ልጆች እዚህ ላሉ ወላጆቻቸው የሚያስጽፉት መጽሐፍ ሲበዛ ይህ ችግር ደጋግሞ ይመጣል። ተራኪው ዝም ይላሉ። ከፋዩ በስልክ ያዛል። ጸሐፊው ቀሪ ክፍያውን እያሰበ ለከፋዩ ያደላል። የሥራው ሐቀኝነት መጀመሪያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ትዳር ምዕራፍ በተመለከተ፣ አባትየውን ለብቻቸው ጠይቁ። ልጃቸው በስልክ መስመር ላይ ሳትኖር፣ ምዕራፉን የጻፈው ባልደረባችሁም ሳይኖር። ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ዓይናቸው ደክሞ ከሆነ «አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው» ቢሏችሁም አትቀበሉ። ከዚያ «ይኑር ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ልጅዎ ይህን ትላለች፣ ከታተመ ይህ ይህ ሊመጣ ይችላል፣ ካልታተመ ደግሞ ይህ ይቀራል ብላችሁ ሁሉንም ዘርዝሩላቸው። ለማሰብ ጊዜ ስጧቸው። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ መልሱን ስሙ።

የመጀመሪያዋን ባለቤት አትርሷት። በሕይወት ካለች ወይም ልጆች ካሏት፣ ስለ እሷ የተጻፈው የእሷም ሕይወት ነው፤ እሷ ደግሞ ማይክሮፎኑ ፊት አልተቀመጠችም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስም ማጥፋትን የካሣ ምክንያት ያደርጋል። እውነትነቱን ማስረዳት መከላከያ ሊሆን ይችላል። ግን የአርባና የሃምሳ ዓመት የቤት ውስጥ ጠብ በምን ይረዳል? ምስክር የላችሁም። ያላችሁ የአንድ ወገን ትዝታ ነው። ስለዚህ ምዕራፉ ውስጥ ያለውን ለሁለት ክፈሉት። አባትየው የተሰማቸውና ያደረጉት በአንድ በኩል፣ እሷ አደረገች የተባለው በሌላ በኩል። የመጀመሪያው የእሳቸው ነው፣ ይኑር። ሁለተኛው ስሟን በመተው፣ ሰፈሩን በመቀየር ወይም ጭራሹኑ በማውጣት ይስተካከል። ልጃቸው «ይውጣ» ስትል ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቃት ከምዕራፉ ውስጥ ሁለት ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቋት። እስከዛሬ ማንም አልጠየቃት ይሆናል።

ምርጫዎቹም «ይኑር» እና «ይውጣ» ብቻ አይደሉም። አባትየው ከፈለጉ ምዕራፉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ለቤተሰቡ ብቻ በጥቂት ቅጂ ሊታተም ይችላል። ታሽጎ ከሳቸው በኋላ እንዲከፈትም ሊወስኑ ይችላሉ። እነዚህ መንገዶች አሉ ብሎ ማሳየት የእናንተ የባለሙያነት ድርሻ ነው።

የዕድሜን ጉዳይ ችላ አትበሉ። የአባትየው የማስታወስ አቅም እየደከመ ከሆነ ዛሬ የሰጡት ፈቃድ ነገ ያጠያይቃል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ ተነቦላቸው፣ ቀኑ ተጽፎ፣ በየምዕራፉ መፈረም ያለበት። አንድ ጊዜ በመጨረሻ የሚወሰድ ፊርማ ደካማ ነው። ከሞቱ በኋላ ደግሞ የምትነጋገሩት ከወራሾች ጋር ነው። በአዋጁ የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የጋራ ሥራ ከሆነ 50ው ዓመት የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ከሞተው ደራሲ ጀምሮ ነው። ዛሬ በአንድ ገጽ ያልጨረሳችሁትን ነገር የልጅ ልጆቻችሁ ይጨቃጨቁበታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለትልቅ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ ለውልም ነው።

አሁን ስለ ባልደረባችሁ። «ምዕራፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለቱ እውነት ይሆናል። «ለብቻው አሳትመዋለሁ» ማለቱ ግን በሦስት በኩል አይሆንም። ሥራው በትዕዛዝ የተሠራ ነው፣ የመሸጥ መብቱ በእጁ የለም። በዚያ ላይ የምዕራፉ ትልቁ ክፍል የአባትየው ቃል ነው። ከሁሉም በላይ ግን ያን ታሪክ የሰማው እንግዳ ሆኖ ሳሎናቸው ተቀምጦ፣ ቡናቸውን እየጠጣ፣ ለመጽሐፋቸው ሥራ ተብሎ ነው። ለሌላ ነገር ማዋል አደራ መብላት ነው። ይህን ቃል በቃል ንገሩት። ካልሰማ ከዚህ ሰው ጋር ሌላ ሰው ቤት አትግቡ። ሐዘንና ሚስጥር ይዛችሁ የምትወጡበት ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ስማችሁ ከጠፋ የሚያምናችሁ የለም።

ግን ቅሬታው ምን እንደሆነ ደግሞ ስሙት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ንግግር የሚመጣው የድካሙ ዋጋ ስላልተለካ ነው። ሦስት ሰው እኩል ተካፈለ ሲባል ሥራው እኩል ነበር ማለት አይደለም። ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጡን ብቻ ውሰዱ። ለአንድ ሰዓት ንግግር ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ተራኪው አረጋዊ ሲሆኑ፣ ቃሉ ሲቆራረጥ፣ ከኋላ የሰፈር ጫጫታ ሲኖር ከዚያም ይበልጣል። የእናንተ 30 ሰዓት ማለት 120 ሰዓት የመገልበጥ ሥራ ነው። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 20 የሥራ ቀን። አንድም ምዕራፍ ሳይጻፍ። ይህን የሠራው ማነው? ተከፍሎታል ወይ? ድርሻ በገጽ ብዛት ሳይሆን በሥራ ዓይነት ይለካ፦ መቅዳት፣ መገልበጥ፣ መጻፍ፣ ማረም፣ ከማተሚያ ቤት ጋር መመላለስ። የባልደረባችሁ መብት በዚህ በገንዘቡ በኩል ይከበር። በምዕራፍ ባለቤትነት በኩል አይሁን።

ድርጅቱ በማን ስም እንደተመዘገበም እዩ። በአንዳችሁ ስም የወጣ የንግድ ፈቃድ ከሆነ ሌሎቻችሁ በወረቀት የላችሁም ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ለሽርክናም ለኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበርም መንገድ አለው። ሒሳብ አዋቂ አማክሩና ሁለተኛ ደንበኛ ከመቀበላችሁ በፊት ጨርሱት።

ስለ ሽፋኑ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። «እኔ» ብሎ የሚናገር መጽሐፍ ላይ የተራኪው ስም በትልቁ ይሁን። የእናንተ ስም በውስጥ ገጽ «እንደነገሩን ጽፈን ያዘጋጀነው» ተብሎ ይቀመጥ። ይህ ለአንባቢውም ሐቅ ነው፤ እሳቸው ብዕር ይዘው እንዳልተቀመጡ ያውቃል። በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍቱ መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እየተባለ ለጻፈውም ላስጻፈውም ሲጸለይ ኖሯል። ሁለቱም ቦታ ነበራቸው። ልጃቸውም «ያስጻፈች» ተብላ በክብር ትጠቀስ። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚህ ይለዝባል።

ባለቤትነቱን ትተን እናንተ በሙያችሁ ልትጠነቀቁለት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ተራኪው ሳያውቁት ቃላቸው የሚሰረቀው በክፋት አይደለም። በማሳመር ነው። አባትየው እንዲህ ተናገሩ እንበል፦ «መርካቶ የወሰደኝ አባቴ ነው። በእግር። ከጉለሌ። ምን ልበልህ… እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፣ ጫማው ጠቦኝ። እሱ አልዞረም።» ጸሐፊው ይህን ይዞ ቤቱ ይገባና እንዲህ ይጽፋል፦ «በለጋ ዕድሜዬ ከውድ አባቴ ጋር ከጉለሌ እስከ መርካቶ ያለውን አድካሚ ጎዳና በእግራችን ተጓዝን፤ ያ ዕለት የንግድ ሕይወቴ ጅማሬ ሆነ።» ሁለተኛው ለስላሳ ነው። ግን ጫማው የለም። ልቅሶው የለም። «እሱ አልዞረም» የሚለው፣ አባትና ልጅ ምን እንደነበሩ ሙሉውን የሚናገረው፣ ጠፍቷል። «ውድ አባቴ» ደግሞ ሰውየው ጨርሶ ያላሉት ነው። የማልኮም ውል የሚከለክለው ይህንን ነው።

የምመክረው አሠራር ቀላል ነው። የተገለበጠውን ንግግር በግራ፣ የጻፋችሁትን በቀኝ አድርጋችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። በቀኝ ያለ፣ በግራ የሌለ ነገር ሲገኝ «ይህን ማን ጨመረው?» በሉ። ዓመተ ምሕረት፣ የቦታ ስም፣ ማብራሪያ ከሆነ ተራኪው ያጽድቁት። ስሜት ወይም ፍርድ ከሆነ ይውጣ። ሦስት ሰው የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ሦስት ድምፅ ይኖረዋል። አንዳችሁ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጆሮ አርሙት፣ ያውም ድምፁን ደግሞ እያዳመጠ። አሁን ያላችሁ ረቂቅ ይህ አልተደረገለትም ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቱም ተከፋፍላችሁ መጻፋችሁን እንጂ ማን እንዳዋሃደው አልነገራችሁኝም።

ስለ ገንዘብ አሠራር ጥቂት ልበል። ከማተሚያ ቤት ኮሚሽን የምትቀበሉ ከሆነ ለደንበኛው ንገሩ። ከሁለት ወገን እየተቀበላችሁ «ይህ ማተሚያ ቤት ይሻላል» ብላችሁ ብትመክሩ፣ ምክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የተሸጠ ምክር ነው። የኅትመቱን ብዛት ደንበኛው ራሱ ከማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ ላይ ያረጋግጥ። «መጽሐፉ ይሸጣል፣ ወጪዎን ይመልሳል» የሚል ቃል አትስጡ። የግለሰብ ሕይወት ታሪክ አብዛኛው የሚታደለው ለዘመድ ወዳጅ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው የሰማ ደንበኛ ኋላ አይከፋውም። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፦ ስትጀምሩ፣ የተገለበጠውን ስታስረክቡ፣ ተራኪው የመጨረሻውን ረቂቅ ሲፈርሙ። እንዲህ ሲሆን መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ማንም ማንንም አልበላም።

የተቀዳውን ድምፅ ደግሞ እንደ መያዣ እንዳትጠቀሙበት። «ካልከፈላችሁን አንሰጥም» የሚል ነገር አስባችሁ ከሆነ ጣሉት። የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ የራሱ ተዛማጅ መብት ቢኖረውም፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ያለው የአንድ አረጋዊ ገበና ነው። ሙሉ ቅጂውን ለአባትየው ስጡ። ለልጃቸው መስጠት አለመስጠቱን እሳቸው ይወስኑ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያልገባ ብዙ ነገር ተናግረዋልና። ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር የኢንተርኔት አገልግሎትም ያለ ፈቃዳቸው አትጫኑት።

እንግዲህ አሁን ምን ታደርጋላችሁ? ማተሚያ ቤቱን አቁሙት። ከዚያ በዚህ ሳምንት አንድ ሁለት ገጽ የስምምነት ሰነድ አዘጋጁ። ሥራው ካለቀ በኋላ መጻፉ አያሳፍርም። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይሁን፦ «በመጽሐፉ ውስጥ ተራኪው ያልተናገሩት ነገር አይገባም፤ እንዲገባ የወሰኑት ነገርም ያለ ፈቃዳቸው አይወጣም። የመጨረሻው ቃል የተራኪው ነው። ጸሐፊዎቹ ሐሰት መሆኑን የሚያውቁትን ነገር ላለመጻፍና ስማቸውን ላለማስገባት መብት አላቸው።» ከሥሩ የኢኮኖሚ መብቱ የተራኪው መሆኑን፣ ከሳቸው በኋላ ማን እንደሚወስን፣ የእናንተ ስም የት እንደሚገባ፣ ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚፈጸም፣ ድምፁ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ጻፉ። አባትየው፣ ልጃቸውና ሦስታችሁ ፈርሙ። መብት የሚተላለፍበት ስምምነት በጽሑፍ መሆን ስላለበት በቃል «ተስማምተናል» አይበቃም። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ዘርፍ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው። የእኔ ምክር የአርታኢ ነው፣ የጠበቃውን ቦታ አይተካም።

ልጃቸው አልፈርምም ካለችስ? አባትየው ከፈረሙ መጽሐፉ በእሳቸው ፈቃድ ይቀጥላል፤ የእሷ ቀሪ ክፍያ ባይመጣ እንኳ ለእሳቸው የማስረከብ ግዴታ አለባችሁ፤ ገንዘቡን ለብቻው ተከራከሩበት። አባትየው ራሳቸው «ይቅር፣ አይታተም» ካሉ ግን አታባብሏቸው። ረቂቁንና ድምፁን አስረክቡ፣ እስከዚያ ቀን ለሠራችሁት ተከፈሉ፣ እናንተ ጋ ያለውን ቅጂ በእሳቸው ፊት አጥፉ።